እንባ የበዛበት ልብ ወለድ



በአገራችን አንድን መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ሰው «እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰጣል። ወይ «ግሩም ድንቅ ነው፤ እንባዬን መግታት አቃተኝ» ይላል፤ ወይም «ጊዜዬን አጠፋሁበት» ብሎ ያጣጥለዋል። በሁለቱ መካከል የሚገኘው መልስ እንደ ፈሪ መልስ ይቈጠራል። በራእየ ዮሐንስ እንኳ በራድም ትኩስም ያልሆነ ሰው ከአፍ እንደሚተፋ ተጽፎ የለም? እንግዲህ ለብ ያለ አስተያየት ይዞ ወደ እናንተ የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ አለበት ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አልጠይቅም። ለብ ያለ አስተያየት ሁልጊዜ ከፍርሃት የሚመጣ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በጥንቃቄ ያነበበ ሰው የሚደርስበት እውነተኛ ፍርድ እርሱ ነው። ዛሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ እንዲህ ያለውን ፍርድ ከነምክንያቱ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ስሙ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአንበሳው ዐይን ሥር» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና በሕፃንነታቸው በአብዮቱ ምክንያት ከቤተ ሰባቸው ጋር ከአገር ወጥተው፣ በናይጄሪያና በኬንያ ኖረው፣ በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ይህ የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የታተመው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን በውጭ አገር ጋዜጦች ብዙ ምስጋና አግኝቷል። በእኛም ከተማ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚወዱ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሲዋዋሱት አያለሁ። እኔ በማስተምርበት በሩዋንዳ ሰፈር መጻሕፍት እስከ አገጫቸው ደርድረው ከካፌ ካፌ የሚዞሩት አዟሪዎችም የደራሲዋን ስም በሚገባ ያውቁታል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ኃይሉ የሚባል በሥራው የተከበረ ሐኪም በአንድ ወጣት ጀርባ ውስጥ የገባውን ጥይት ለማውጣት ይጥራል። ሰላም የምትባለው ሚስቱም በልብ ሕመም ተይዛ በሆስፒታል ተኝታለች። ኃይሉ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ታላቁ ዮናስ ባለ ትዳርና የአንዲት ትንሽ ልጅ አባት የሆነ፣ ዝምተኛና ጸሎት ወዳድ ሰው ነው፤ ታናሹ ዳዊት ግን ደሙ የሚፈላ ተማሪ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ይወርዳሉ፤ ወታደሮቹ ሥልጣን ይይዛሉ፤ የተስፋው ዘመን ወደ ቀይ ሽብር ይለወጣል። ዳዊት በኅቡዕ ትግል ውስጥ ይገባል፤ ሚኪ የሚባለው የልጅነት ጓደኛው ደግሞ ከወታደሮቹ ጐን ይሰለፋል። ከዕለታት አንድ ቀን ወታደሮች በግርፋት ብዛት ሰውነቷ የተጐሳቈለ አንዲት ወጣት ወደ ኃይሉ ዘንድ አምጥተው እንዲያድናት ያዙታል። እርሱም ድና ወደ ገራፊዎቿ ከምትመለስ ብሎ በመርዝ ስቃይዋን ያሳጥርላታል። ይህ ሥራው ራሱን ወደ እስር ቤት ያደርሰዋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መጽሐፉን ላላነበቡ ስል አልናገርም።

ከሁሉ በፊት የመጽሐፉን መልካም ጐን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በእውነት የሚደነቁ ናቸው። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሥራውን ሲሠራ እናያለን እንጂ ደራሲዋ ገብተው «እነሆ፣ አገሪቱ ቈስላለች» አይሉንም። ትርጕሙን ራሳችን እንደርስበታለን። እንዲሁም በሐኪሙና በሚስቱ መካከል ያለው ነገር እጅግ ጥልቅ ነው። ሰላም ደክሟታል፤ በቃኝ ብላለች፤ ሕክምናው ቀርቶላት በሰላም ማረፍ ትፈልጋለች። ኃይሉ ግን ሊለቃት አይችልም። ባልም ሐኪምም በመሆኑ እጁን ማንሣት ሽንፈት ይመስለዋል። ለሚስቱ የከለከላትን ዕረፍት በኋላ ለማያውቃት ልጅ በገዛ እጁ ሲሰጣት ስናይ፣ የሰው ልብ ምን ያህል ውስብስብ እንደ ሆነ እንረዳለን። አንድ ደራሲ በመጀመሪያ ሥራው ይህን የመሰለ አሳብ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? ጉድለቱ መከራው ዕረፍት የሌለው መሆኑ ነው። ሚስት በሕመም ትማቅቃለች። የልጅ ልጅ በጠና ትታመማለች። የዮናስ ሚስት ሣራ ልጅዋ እንድትድንላት በጉልበቷ እየዳኸች ቤተ ክርስቲያን ስትዞር ጉልበቷ ይደማል። ዳዊት በየመንገዱ የተጣለ ሬሳ በሌሊት ያነሣል። ጓደኛ ጓደኛውን ይከዳል። ሐኪሙ ይገረፋል። ሕፃን ልጅ እንኳ ከጭካኔው አያመልጥም። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ቢነገር ልብ የሚሰብር ነው። ሁሉም በተከታታይ፣ በአንድ ዐይነት ከፍተኛ ድምፅ ሲነገር ግን የአንባቢው ልብ እንደ ተገረፈ ጀርባ ይደነዝዛል። መቶኛው ገጽ ላይ ያስለቀሰን ነገር ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ሲደገም «እሺ፣ ቀጥሎስ?» ማለት እንጀምራለን። እንዲህ ማለት ስንጀምር ደግሞ እኛም ራሳችን እንደ ጨካኝ ሰው ሆነን እናገኘዋለን፤ ይህም የደራሲዋ ፈቃድ አልነበረም።

እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ ያያችሁ እንደ ሆነ ነገሩ በቀላሉ ይገባችኋል። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል በርበሬው ቢበዛበት ወጡ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም። ሽንኩርቱን ማብሰል ጊዜ ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚያየውም የለም። የወጡን ጣዕም የሚሰጠው ግን እርሱ ነው። በልብ ወለድም ውስጥ ሽንኩርቱ ተራው ኑሮ ነው፤ ቡና መጠጣቱ፣ መቀላለዱ፣ የቤት ኪራይ ማሰቡ፣ ከጎረቤት ጋር በጥቃቅን ነገር መኳረፉ። ባለ ታሪኮቹን በዚህ ውስጥ ሳናውቃቸው መከራ ቢወርድባቸው የምናዝነው ለመከራው እንጂ ለእነርሱ አይደለም።

ይህን አስተያየቴን በክፍል ውስጥ ስናገር አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ እጅዋን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ታሪኩ እኮ እውነት ነው! በዚያን ዘመን ከዚህ የባሰ ተደርጓል። የሆነውን ነገር የጻፈች ሴት እንዴት አበዛሽው ትባላለች?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ የተደረገውን ለሚያውቅ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ከእውነት በላይ የሆነ ጭካኔ የለም። ሬሳ በመንገድ ተጥሏል፤ በላዩም ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የልጆቻቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። እንግዲህ እውነቱ ራሱ ከልክ ያለፈ ሲሆን ደራሲው ምን ያድርግ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቦታ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ከሩዋንዳ በኦሎምፒያ በኩል መስቀል አደባባይ ብትደርሱ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። የተከፈተው መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ2002 ዓ.ም. ነው። ወደ ውስጥ ስትገቡ የሚጮኽ ነገር የለም። በግድግዳው ላይ የወጣቶች ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ለተማሪ ቤት መታወቂያ የተነሡ የሚመስሉ ተራ ፎቶግራፎች ናቸው፤ አንዱ ጠጕሩን አጐፍሯል፣ አንዷ ፈገግ ለማለት እያሰበች ሳለ ተነሥታለች። በመስተዋት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞችና ልብሶች ይታያሉ። በአንድ ቀን አራት ልጆቿን ያጣች እናት የተናገረችውም ቃል እዚያ ይገኛል፤ ያን ሁሉ ሐዘን የያዘው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ሙዚየም ጮኾ የሚወጣ ሰው አላየሁም። ሰዎቹ የሚወጡት ዝም ብለው ነው፤ በደረጃውም ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆም ይላሉ። ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፤ እውነቱ ከባድ በሆነ መጠን የሚናገረው ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ከባድ ነገር ራሱን ይሸከማል፤ ደጋፊ አይፈልግም።

ነገር ግን ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ሌላ ነገር መጨመር ይገባኛል። ስለዚያ ዘመን የተጻፉ መጻሕፍት ለምን እንባ እንደሚበዛባቸው ሳስብ የሚታየኝ ምክንያት አለ። በቀይ ሽብር ጊዜ በብዙ ቤት ለቅሶ ራሱ ተከልክሎ ነበር። ልጁ የተገደለበት አባት ድንኳን ሊተክል፣ እናቲቱም ጥቍር ልትለብስ አትችልም ነበር፤ ጎረቤት ለማጽናናት ቢመጣ ይጠረጠራል። አንባቢዎቼ፣ በእኛ አገር ለቅሶ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ዕድር አለ፤ ድንኳን አለ፤ ሦስት ቀን መቀመጥ አለ፤ አርባ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን ለብቻ የሚሸከሙት ነገር ሳይሆን ሰፈር በጠቅላላው ተከፋፍሎ የሚያነሣው ሸክም ነው። ያ ሥርዓት ሲከለከል እንባው የትም አልሄደም፤ በየቤቱ ተጠራቅሞ ቀረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ በባዕድ አገር ያደገች አንዲት ልጅ ብዕር ስታነሣ ያ ያልተለቀሰ እንባ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ቢወጣ ምን ይደንቃል? ይህን ካሰብኩ በኋላ መጽሐፉን በቍጣ ልነቅፈው አልቻልኩም። ሆኖም የጉድለቱን ምክንያት ማወቅ ጉድለቱን አያጠፋውም።

ደግሞም የእኛ አገር ለቅሶ ራሱ ትምህርት ይሰጠናል። በገጠር አልቃሽ የምትባለውን ሴት ያያችሁ ታውቋት ይሆናል። አልቃሽ ሥራዋ ማልቀስ ነው ብለን እናስባለን፤ እርግጡ ግን ሥራዋ ማስለቀስ ነው። ጎበዝ አልቃሽ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለች አትውልም። የሟቹን በቅሎ ትጠራለች፤ የተከለውን ዛፍ፣ ሳይጨርሰው የቀረውን አጥር፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥባትን መደብ ታነሣለች። አንዲት ነገር ትናገርና ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሕዝቡ ይፈነዳል። እያንዳንዱ ሰው የሚያለቅሰው አልቃሿ ስላለቀሰች ሳይሆን፣ ያ ባዶ መደብ በዐይነ ሕሊናው ስለ ታየው ነው። እንግዲህ አንድ ልብ ወለድ ደራሲ ከአልቃሽ የሚማረው ብዙ ነገር አለ። በእኛ ፈንታ የሚያለቅስ መጽሐፍ ለእኛ የሚተርፍ እንባ አይተውልንም።

«ታዲያ እኛ ኢትዮጵያውያን የሚያስለቅስ መጽሐፍ እንወድ የለም ወይ? ፍቅር እስከ መቃብርስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በእርግጥ በሐዘን የሚፈጸም ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር በሙሉ እንባውን እንደ ጠረገ ታላላቆቻችን ያጫውቱናል። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ከማስለቀሱ በፊት ምን ያህል እንደሚያስቅ እንዘነጋለን። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ሲመኩና ገበሬዎቻቸውን ለመውጋት ሲዘምቱ፣ ጉዱ ካሳም በዚያ መራራ ቀልዱ የአገሩን ልማድ ሲተች ያልሣቀ አንባቢ የለም። ስቀን፣ ተናድደን፣ በሀብታሙም በድኻውም ቤት ገብተን ከወጣን በኋላ ነው መጨረሻው የሚመጣብን። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ በዚያን ጊዜ የቤተ ዘመድ ያህል ሆነውብናል። በመዓዛ መንግሥቴ የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሣቅ እጅግ ጥቂት ነው። በመከራ ጊዜ ሰው አይሥቅም የሚል ካለ፣ በዚያ ዘመን የታሰሩ ሰዎችን ያነጋግር። በእስር ቤት ውስጥ ስለ ተቀለደው ቀልድ ያጫውቱታል።

ከዚህ ላይ የሰፈራችንን ስም ላንሣ። ሩዋንዳ የተባለው በኤምባሲው ምክንያት ነው። የታክሲ ረዳቶች በየቀኑ «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ!» እያሉ ሲጠሩት የምንሳፈረው ሰዎች ስለ ቤታችን እንጂ ስለ አገሪቱ አናስብም። በዚያች አገር በ1986 ዓ.ም. በ100 ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው እንደ ተገደለ ይታወቃል። ብዙ ቤተ ሰቧን በዚያ እልቂት ያጣች እስኮላስቲክ ሙካሶንጋ የተባለች ሩዋንዳዊት ደራሲ አለች። በፈረንሳይ አገር ተቀምጣ «ኖትር ዳም ዱ ኒል» የሚል ልብ ወለድ ጽፋ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2012 የፈረንሳዮችን የረኖዶ ሽልማት አግኝታለች። የመጽሐፉ ስም «የዓባይ እመቤታችን» እንደ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛም ስለ ተተረጐመ ልታነቡት ትችላላችሁ።

ይህች ደራሲ የደረሰባትን ለሚያውቅ ሰው መጽሐፏ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ቢሆን ማንም አይፈርድባትም ነበር። እርሷ ግን የመረጠችው ከእልቂቱ ሃያ ዓመት ያህል በፊት በአንድ ተራራ ላይ የነበረ የልጃገረዶች አዳሪ ተማሪ ቤት ነው። ልጃገረዶቹ ስለ ምግብ ያወራሉ፤ ስለ ጠጕራቸው ይጨነቃሉ፤ መነኮሳቱን ያማሉ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ብቻ በኮታ የገቡ ቱትሲዎች ናቸው። ከዚያም የሚኒስትር ልጅ በመሆኗ የምትኰራው ግሎሪዮዛ፣ በዓባይ ምንጭ አጠገብ የቆመው የእመቤታችን ሐውልት አፍንጫ «የቱትሲ አፍንጫ ነው፤ መለወጥ አለበት» ትላለች። አፍንጫውን ልትሰብር ጓደኛዋን አስከትላ ትወጣለች። ልብሷ ጭቃ ሆኖ ስትመለስ ደግሞ ወንበዴዎች እንደ ተተናኰሏት አስመስላ ትዋሻለች። ከዚያች የአፍንጫ ነገርና ከዚያች ውሸት ምን እንደሚወለድ አንባቢው ቀስ በቀስ ይገባዋል፤ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። ስታነቡት መጀመሪያ ትሥቃላችሁ፤ ቈይታችሁ ግን በሣቃችሁ ትደነግጣላችሁ። ከብዙ ሬሳ ይልቅ አንዲት የድንጋይ አፍንጫ ይበልጥ እንደምታስፈራ ያወቅሁት ከዚህ መጽሐፍ ነው።

በእንባ የበዛ ልብ ወለድ ሌላም ጉዳት አለበት። እንባ ሲበዛ ክፉና ደግ በጣም ይለያያሉ። ሚኪን የመሰለ በፍርሃት ወደ ክፋት የሚንሸራተት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩ መልካም ነው፤ ከእርሱ በቀር ግን ገራፊው ገራፊ፣ ተገራፊው ተገራፊ ሆኖ ይቀራል። የዘመኑ እውነት ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነበር። ሕይወት ተፈራ «ታወር ኢን ዘ ስካይ» በተባለውና በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባሳተሙት ትዝታቸው እንደምናነበው፣ የሚወዱት ጌታቸው ማሩ የተገደለው በጠላት እጅ ሳይሆን በገዛ ድርጅቱ ነው። ለአንድ ዓላማ የቆሙ ጓዶች እርስ በርሳቸው እንደ ተበላሉ ማወቅ ከማንኛውም የግርፋት ታሪክ ይልቅ የሚያሳስብ ነው፤ ምክንያቱም «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ያሰኛል። እናንተ ዛሬ በየተማሪ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በክርክርና በጥርጣሬ መካከል የምትኖሩ ወጣቶች መጠየቅ የሚገባችሁ ጥያቄም እርሱ ነው። ለሟቹ ማልቀስ ብቻውን አይበቃም፤ ገዳዩ እንዴት ገዳይ እንደ ሆነ መረዳትም ያስፈልጋል።

ስለ ሴት ደራሲያን አንድ ነገር ልናገርና ልፈጽም። ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ካሳተሙ ወዲህ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ሴቶች የጻፏቸው ልብ ወለዶች ዛሬም ከወንዶቹ ቍጥር ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹም ጋር የምንገናኝበት መንገድ ያሳዝናል። አንዱ ወገን «የሴት መጽሐፍ» ብሎ ሳይገልጠው ይተወዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ሴት ስለ ጻፈችው ብቻ እያጨበጨበ «በርቺ!» ይላታል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ንቀት ናቸው። ሳያነቡ መናቅ ግልጽ ንቀት ነው፤ ሳይመዝኑ ማመስገን ደግሞ ጨዋነት የለበሰ ንቀት ነው። ለደራሲት የሚገባት ክብር እንደ ማንኛውም ደራሲ ገጽ በገጽ መነበብ፣ «ይህ ሠምሮልሻል፤ ይህ አልሠመረልሽም» መባል ነው። የእኔም ለብ ያለ አስተያየት ከዚህ የመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ፍርድ በር የሚዘጋ እንዳልሆነም የመዓዛ መንግሥቴ ቀጣይ ሥራ ያስረዳናል። ሁለተኛ መጽሐፋቸው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በአውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ታትሞ፣ በ2020 ለቡከር ሽልማት በመጨረሻው ዙር ከቀረቡት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ለመሆን በቅቷል። ታሪኩ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለ ዘመቱ ሴቶች ነው። በዚያም መጽሐፍ ውስጥ መከራና ጦርነት አለ፤ እንባም አልጠፋም። ነገር ግን ሒሩት የምትባለው ወላጅ አልባ ልጅ ከአባቷ የወረሰችው አንድ አሮጌ ጠመንጃ አላት። ያ ጠመንጃ ሲወሰድባት የሚሰማንን ቍጣ ማንም እንድንቈጣ አላዘዘንም። ጠመንጃው ብቻውን ይናገራል፤ ልክ አልቃሽ የምትጠራው ባዶ መደብ እንደሚናገር። ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ ሁለተኛው ድረስ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል አልፏል። ያ ጊዜ በከንቱ አላለፈም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ «መጽሐፉን እናንብበው ወይስ እንተወው?» ብትሉኝ፣ አንብቡት እላችኋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ የሐኪሙንና የሚስቱን ነገር ልብ በሉ። መከራው እየተደራረበ ሲመጣና ልባችሁ ሲደነዝዝ ግን በራሳችሁ አትፈሩ፤ ጨካኞች አይደላችሁም። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን አጥፉና በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያንን ዘመን ያየ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉ። «በቀይ ሽብር ጊዜ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ብዙ አይናገሩም። ምናልባት የአንድ ሰው ስም ጠርተው፣ ይወድደው የነበረውን ዘፈን ወይም ሲሄድ የለበሰውን ሹራብ ነግረዋችሁ ዝም ይሉ ይሆናል። ጥያቄ አትጨምሩባቸው፤ ሌላ ወሬም አታምጡ። ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።